የቲቸር ፀደንያ አርባ ደቂቃ

ፀደንያ ቢሻው ቂም እንደማትረሳ ቦንጋ ውስጥ የሚቀርባት ሁሉ ያውቃል። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህርት ናት፤ ሠላሳ ልትሞላ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትናገርም፣ ሰው አትሳደብም። ግን ስምንተኛ ክፍል ሳለች ማስመሪያዋን ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» ብሎ የካደውን ልጅ ስም ዛሬም ከነአባቱ ትጠራላችኋለች።

ጌሙን የለመደችው ደካ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች የተመደበችው እዚያ፣ ጌሻ ወረዳ ነበርና ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ደካ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፤ ዝናቡ ግን ሳይጠሩት ይመጣል። ላፕቶፗ ላይ ከክፍል ጓደኛዋ የገለበጠችው አንድ የጠፈር በረራ ጌም ስለነበር ከሥራ መልስ እሱን ይዛ ትቀመጣለች። ጌሙ ሁለት ዓይነት አጨዋወት አለው። በቀላሉ ከተጫወቱት መርከቡ መሪውን ሲጠመዝዙት ይታጠፋል፣ ነዳጁን ሲያቋርጡት ይቆማል። በእውነተኛው ከተጫወቱት ግን ጠፈሩ የምር ጠፈር ነው። ሞተሩን ቢያጠፉትም መርከቡ በያዘው ፍጥነት ይነጉዳል፤ ለማቆም አፍንጫውን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ለመፍጠን የተቃጠለውን ያህል ነዳጅ እንደገና ማቃጠል የግድ ነው። ፀደንያ በደብተር እያሰላች፣ መቶ ጊዜ ባዶ ጠፈር ውስጥ እየቀረች እውነተኛውን ለመደችው። መርከቧን ከጣቢያው ጋር ያለ ኮሽታ ያገናኘች ቀን ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን አጨበጨበች።

ቦንጋ ስትዛወር መናኸሪያው አካባቢ የጋሽ ሚሊዮንን ጌም ቤት አገኘች። ስምንት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ በገመድ ተያይዘዋል፤ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ጨዋታው አይቋረጥም። የተጫነባቸው የእሷው ጌም ነበር። የመንግሥት ሠራተኛውም ነጋዴውም ቅዳሜ ከሰዓት ይሰበሰባል። የሚጫወቱት ግን ሁሉም በቀላሉ ነው፤ ስሙንም «ባጃጅ» ብለውታል።

«ጋሽ ሚሊዮን፣ አንድ ዙር እንኳን በእውነተኛው እንጫወት» አለች በሁለተኛው ሳምንት።

«ልጄ፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ሊዝናና ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ የከረመ ሰው ቅዳሜም ይልፋ?»

«ሳይለፉ ማሸነፍ ምኑ ያዝናናል?»

«ማሸነፉ ነዋ!» አሉ ጋሽ ሚሊዮን፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ብስራት ነበር። ብስራት አባቱ ከመሀል አገር መጥተው የከፈቱትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚያስተዳድር፣ ዕድሜው ከእሷ የማይርቅ፣ ተጫዋች ሰው ነው። በባጃጅ የሚችለው አልነበረም። «ቲቸር ከፈለገችማ በእውነተኛው እናጫውታት» አለና ተነሥቶ ዋናውን ኮምፒውተር ነካካ። ፀደንያ ደስ አላት። ሁሉም በእውነተኛው የሚጫወት መሰላት።

ጨዋታው ሲጀመር ግራ ገባት። እሷ መርከቧን ለማዞር ስትታገል የሌሎቹ እንደ ዝንብ ይታጠፋሉ፣ ባሉበት ቀጥ ይላሉ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከበው ቦጫጨቋት። ብስራት በስልኩ ፊቷንና ስክሪኗን ቀርጾ ኖሯል፤ ዘፈን ጨመረበትና «የፊዚክስ መምህርታችን ብሬክ ፍለጋ» ብሎ የከተማው ልጆች የሚከታተሉት ቴሌግራም ላይ ለቀቀው።

ሰኞ ጠዋት የኒውተንን ሕግ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ከኋላ አንድ ድምፅ «ቲቸር፣ ብሬኩ ተገኘ?» አላት። ክፍሉ በአንድ አፍ ሳቀ። ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠርተው «መምህር ጌም ቤት ምን ትሠራለች?» አሏት። ረቡዕ መንገድ ላይ ያገኟት ጋሽ ሚሊዮን ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እውነቱን ነገሯት፤ ብስራት እውነተኛውን የጫነው በእሷ መርከብ ላይ ብቻ ነበር። የቀሩት ሰባቱ በባጃጅ ናቸው።

«ቀልድ ነው፣ ተይው» አሏት።

«እሺ» አለች። አልተወችውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እሑድ አባቷ ዘንድ ማንኪራ ሄደች። አቶ ቢሻው ቀፎ ሰቃይ፣ ቡና ለቃሚ ናቸው፤ ጌም የሚባል ነገር አያውቁም፤ ልጃቸው ሰው ፊት መዋረዷን ግን ገና ከመግባቷ ከፊቷ አነበቡት። የሆነውን በካፍኛ አጫወተቻቸው። እስክትጨርስ ሰሙና «ንብ ስትናደፍ ትሞታለች፣ ልጄ» አሏት።

«እኔ ንብ አይደለሁም፣ አባዬ።»

ለአምስት ሳምንት ጌም ቤቱን አልረገጠችም። ላፕቶፗ ላይ አንድ ነገር ብቻ ትለማመድ ነበር፤ መሸሽ። ምን ያህል ብትፈጥን፣ ነዳጇ ስንት ሲደርስ ብትዞር፣ ጣቢያው በር ላይ ነዳጅ ተርፏት እንደምትቆም አሰላች፤ ደብተሩ አለቀ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ቤቱ ጢም ባለበት ሰዓት ገባችና ብስራት አጠገብ ቆመች።

«አንድ ለአንድ። በእውነተኛው። መጀመሪያ ጣቢያው የተመለሰ ያሸንፋል።»

«ባጃጅስ ምን አለው?» አለ እየሳቀ።

«ባጃጅማ ማንም ይነዳል። የምርህን አብራሪ ከሆንክ ግን ሰው ይይህ።»

ጓደኞቹ «ኧረ ብስራት!» እያሉ ጮኹ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት እምቢ ይበል? ተቀመጠ።

ፀደንያ አልተኮሰችም። ሞተሯን ለኩሳ ከጣቢያው ወጣች፣ ቀጥ ብላ ሸሸች። ብስራት ጀርባዋን ሲያይ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። እየቀረባት ሲሄድ ጓደኞቹ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። እሷ ነዳጇ ከግማሽ በላይ ሳለ ሞተሩን አጠፋች፣ መርከቧን አዞረች፣ ማቆም ጀመረች። ብስራት እየተኮሰ አጠገቧ ደረሰ፣ ሳታት፣ አለፋት። እንደዚያው ነጎደ።

ኋላ ቆመው የሚያዩት ጋሽ ሚሊዮን «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» አሉ ቀስ ብለው።

ብስራት መርከቡን ለማዞር ታገለ። ሲያዞረው ነዳጁ አለቀ። በጌሙ ሕግ ሞተሩ የማይሠራ መርከብ አየሩ የሚቆየው አርባ ደቂቃ ነው። የእጅ መስጫው ቁልፍ ጣቱ ሥር ነበር፤ ነገር ግን ቁልፉን ቢጫነው ስክሪኑ ላይ በትልቅ ቀይ ፊደል እንደሚጻፍ ያውቃል፤ ጓደኞቹም ስልካቸውን አውጥተዋል።

ፀደንያ ጣቢያው በር ላይ ደርሳ ቆመች። አልገባችም። ከገባች ጨዋታው ያልቃል።

በአሥረኛው ደቂቃ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫዋ መጣ። «ቲቸር፣ እንዴት ነው የሚቆመው?»

እሷ ሰዓቱን አየች።

በሃያኛው፣ «ነዳጅ ማካፈል ይቻላል አይደል? ነይና ስጪኝ፣ በቃ አሸንፈሻል።»

«የክፍል ሥራ ነው» አለችው። «ራስህ ሥራው።»

መጀመሪያ ቤቱ ሳቀ። ከዚያ መሳቁ ቀረ። አንዲት ነጥብ ጥቁር ስክሪን ላይ ስትርቅ ማየት ምን ያዝናናል? አንዱ ማክያቶ ልጠጣ ብሎ ወጣ፣ ሌላው ሰዓቱን አየና ተከተለው። በሠላሳኛው ደቂቃ የቀሩት ጋሽ ሚሊዮንና ሁለቱ ተጫዋቾች ነበሩ። የፀደንያ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ መብራት እንዳይጠፋ። ጠፍቶ እንዳያስጥለው ውስጥ ውስጡን እየጸለየች መሆኗን ስታውቅ ራሷን ታዘበች። ጸሎቱን ግን አላቋረጠችም። ብስራት የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አርባው ሲሞላ አየሩ አለቀ። ያን ጊዜ ጣቢያው ገባች።

ጣፈጣት። ሦስት ቀን ሙሉ ጣፈጣት። ክፍል ገብታ ከተማሪዎቿ ፊት ለፊት ስትቆም ትከሻዋ ቀና አለ፤ ብሬክ የሚል አልተገኘም።

ጋሽ ሚሊዮን ግን አኮረፏት። «ብስራት ቀረ፣ ጓደኞቹም ቀሩ። ቤቴን ቤተ ክርስቲያን አስመሰልሽብኝ» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ሌሎቹም እሷ ስትመጣ ጨዋታ ያበቃላቸው ይመስል ይነሣሉ። ሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ወንበሮች መሀል ብቻዋን በረረች።

አንድ ቅዳሜ ብስራት ገባ። ሰላም አላላትም። በብብቱ ደብተር ይዟል። ፊት ለፊቷ ተቀመጠና «በእውነተኛው» አለ።

አሸነፈችው፤ ግን በሰላም ቆሞ፣ ዞሮ፣ ጣቢያው ድረስ ተከትሏት መጣ። በሚቀጥለውም ሳምንት አሸነፈችው። በስድስተኛው ስሌቷን ቀድሞ አወቀባትና ማቆም ስትጀምር መንገድ ላይ ጠበቃት፤ ሞተሯን መታው። አሁን የምትንሳፈፈው እሷ ሆነች። እጅ አልሰጠችም። እሱም በሩ ላይ ቆመ እንጂ ወደ ጣቢያው አልገባም። አርባውን ደቂቃ ቆጠረላት።

በዚያ አርባ ደቂቃ ጥርሷን ነክሳ የሚቀጥለውን ሳምንት ታሰላ ነበር። እንዲህ ንቁ ሆና የቆየችበትን ጊዜ አታስታውስም።

እስካሁን እንደዚያው ናቸው። ስምንቱ ኮምፒውተሮች እንደገና ሞልተዋል፤ ስድስቱ በባጃጅ እየጮኹ ይጫወታሉ፣ ሁለቱ ጥግ ላይ ሳይነጋገሩ ይገዳደላሉ። ይቅርታ የጠየቀም የተጠየቀም የለም። ባለፈው ሰኔ ፀደንያ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ዶፍ ያዛትና የአጥሩን ጥግ ይዛ ቆመች። የብስራት መኪና በጭቃው ላይ ቀስ እያለ መጣ። በመስኮቱ አያት፤ አየችው። አልቆመም። ቢቆምም አትገባም ነበር።