ብረት ያቀለጡ ሰዎች

ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ የብየዳ ሱቅ ተከፍቷል። የጋለ ብረት ሽታ የማስተምርበት ክፍል ድረስ ሲመጣ ነገሌ ዳር ወደነበረው የአያቴ ጎጆ ይወስደኛል።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። የእሳቸው አያቶች ብረቱን ራሱን ከአፈር አቅልጠው ያወጡ ነበር፤ እሳቸው ግን የሚሠሩት ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነበር።

አንድ ቀን አንድ የከብት ነጋዴ የተሸረፈ መጥረቢያ ይዘው መጡ። ልጃቸው ታላቅ እህቴን ማግባት እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እህቴ አንገቷን ደፍታ ወናፉን ትነፋለች።

“አካም፣ ናጋ?” ብለው ነጋዴው ከደጅ ሰላምታ ሰጡ። ይግቡ ቢባሉም አልገቡም።

አያቴ መጥረቢያውን ጠግነው ሰጧቸው። ሰውየው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞክረው ሳቁ። “እጅዎ ይባረክ! ከሊበን እስከ አሬሮ እንደ አንቱ ያለ የለም።”

“እንግዲያው ስለ ልጆቹ እንነጋገራ” አሉ አያቴ።

ሰውየው መሬት መሬት አዩ። “አባባ፣ ሙያ ሌላ፣ ዘር ሌላ” ብለው ሄዱ።

የእህቴ እጅ ወናፉ ላይ ቆመ። አያቴ ቀና ብለው ሳያዩዋት፣ “ንፊ፣ ልጄ። እሳቱ ምን አደረገ?” አሏት። ነፋች።

ትናንት የብረትን ታሪክ ሳስተምር ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ አንደኛ ማዕድኑ፣ ሁለተኛ ከሰሉ፣ ሦስተኛ ማቅለጡ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ የሚያቀልጡት እነማን ነበሩ?”

“የጥንት ሰዎች” አልኳትና ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ።