የቅዳሜው በሬ

እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ የምትሄደው ለኮምፒውተር ትምህርት እንዳልሆነ ከቤታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ፣ መነኸሪያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት እጮኛዋ ከነበረው ልጅ ጋር አንድ ሰሀን ፓስታ ለሁለት ሲበሉ አይቻለሁ። አያወሩም፤ ይበላሉ ብቻ። ስንመለስ ለማንም እንዳልናገር በእመቤታችን አስማለችኝ።

ሊጋቡ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ግን ስድስተኛው ላይ አንድ የጋራ አያት ተገኘ። ዘመድ ናችሁ ተባሉና ለሠርጉ የተጠነሰሰው ጠላ ለማኅበር ተጠጣ።

ታዲያ የአማርኛ መምህራችን ስለተለያዩ ፍቅረኞች ግጥም ጻፉ፣ ምልክት ተጠቀሙ ሲለን እጄ አላረፈም። ሁለቱን የአንድ ቀንበር በሬዎች አደረግኋቸው። በሬ ማድረግ መናገር አይደለም ብዬ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንደኔ የሚጽፍ ያለ አልመሰለኝም፤ ክፍሉ ፊት ቆሜ አነበብሁት፦

ቡሬ ተሸጦብኝ የጥማዴ ጓዴ፣
ቅዳሜ በመጣ አይችለኝም ገመዴ።

«ቲቸር፣ የተኮላሸ በሬ ምን ያፈቅራል?» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ነደደኝ። መምህሩ «እስኪ ምልክቶቹን አስረጅን» ሲለኝ ሁሉንም ዘረገፍሁት። ጥማዱ ጋብቻ ነው፤ ገመዱ ላይ ያሰብኋቸው ሰባት ቋጠሮዎች ሰባቱ ቤት ናቸው፤ በሬውን የሸጡት ቆጣሪዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው።

«ቅዳሜስ? የገበያ ቀን ስለሆነ ነው?»

«አይ ቲቸር፣ ኮምፒውተር ልማር ብሎ የሚወጣበት ቀን ስለሆነ ነው።»

«በሬው?» አሉ ልጆቹ። አሁንም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያልሳቀች አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ከቆጣሪዎቹ ሽማግሌዎች የአንዱ የልጅ ልጅ። ግጥሙንም የቅዳሜዋንም ነገር ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። የወደደችው መስሎኝ ቀስ ብዬ ደገምሁላት።

በማግሥቱ ከሰዓት ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። አባቴ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ቢላቸው እንቢ ብለው ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ግጥሜን ከነፍቹ በቃላቸው አሉት። አንድም ቃል አልሳቱም! ደነገጥሁ፤ ግን በሽማግሌ አፍ እንዴት ያምር ነበር።

አባቴ እህቴን ጠራት።

«ስድስት ወር ተምረሻል አይደል? እስኪ ኮምፒውተር በምኑ ነው የሚከፈት?»

የሚከፈትበትን አታውቀውም።

«ስልክሽን ወዲህ በይ። ገመድሽንም እኔ አጠብቀዋለሁ።»

ቅዳሜ ደረሰ። ጓሮ ቁጭ ብላ በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እቀነጥሳለሁ። የቡሬው ሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ቀና አላለችም። እጇን ሳታቆም፣

«አንች፣ እስኪ አንብቢልኝ» አለችኝ።

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አነበብሁላት። ሁለቱንም ስንኝ አሳምሬ፣ እጄን እያወናጨፍሁ።

«ጥሩ ነው» አለች። «ውሸት ነው እንጅ። በሬ ቢሸጥ የገዛው ሰው ያበላዋል። እሱ አሁን መነኸሪያው በር ላይ ቆሟል። ብቻውን አዝዞ አይበላም። ማን ያበላዋል?»

ልቤ ዘለለ። ግጥሜ የጎደለው ይኸው ነበር! ሳይጠፋብኝ ብዬ እስክሪብቶ ፈልጌ መዳፌ ላይ ጻፍሁት፤ «ማን ያበላዋል»። በዚያው በበርበሬ እጄ ዓይኔን አሸሁና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ለሷ ያለቀስሁ መሰላት። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና «ተይ በቃ፣ አታልቅሽ፣ ልጅ ነሽ፣ አላወቅሽም» አለችኝ።

በርበሬ ነው አላልኋትም። መዳፌን ጨብጬ፣ ጽሑፉ በላብ እንዳይጠፋብኝ እየፈራሁ፣ አባብላኝ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።