የማይጮኸው ገዥ

በመጀመሪያው ቀን ያሠሩኝ ዝም ማለት ነው። ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ግድግዳዋ ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ስቱዲዮ። ባለቤቱ ጋሽ ታደለ ማዳመጫቸውን አጥልቀው "እንዳትናገሪ፤ መጀመሪያ ወንበርሽንና ሆድሽን ልስማ" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው "ቁርስ አልበላሽም" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ሥራው መጻሕፍትን በድምፅ መተረክ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ማንበብ ያቅተዋል እንዴ ብዬ ነበር የገባሁት። ያቅተዋል። ገጽ ሲገለበጥ ስለሚሰማ ወረቀቱ አይጠረዝም፤ አንድ አንድ እያነሱ ወደ ጎን ማስቀመጥ ነው። አፍ ሲደርቅ ምላስ ይንጣጣል፤ ያኔ ፖም መግመጥ። ውጭ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ጥሩምባ ከነፋ እጅ አንስቶ ማቆም፣ ሲያልፍ ዐረፍተ ነገሩን ከሥሩ መጀመር።

ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ኢምባካሲ ሰፈር ያለ ሌላ ስቱዲዮ ፈለገኝ። እዚሁ በሰው አገር ለተወለዱ የሐበሻ ልጆች ተረት ላነብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ። ተረት እወዳለሁ፤ ሄጄ ለጋሽ ታደለ ነገርኳቸው።

"በሩ ክፍት ነው፣ ልጄ" አሉ፤ ድምፃቸው መቼም ከፍ አይልም። "ማን ያዘሽ? ብቻ ሌላ ቤት ያነበበ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?"

የካሳራኒዋን ክፍሌን ኪራይ የምከፍለው በዚህ ሥራ ነው። ኢምባካሲ ሳልሄድ ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን እሌኒ የምትባል፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ፣ የጻፈችውን ልብ ወለድ አመጣች። ታሪኩ ደሴት ላይ ነው። ገዥው ጀልባዎቹን ወደብ ላይ ደርድሮ "መሄድ የፈለገ ይሂድ" ይላል፤ መቅዘፊያዎቹ ግን እሱ ቤት ተቆልፎባቸዋል። እኔ ገዥውን እንደ ነጎድጓድ አነበብኩት።

እሌኒ ሰምታ ሳቀች። "እህቴ፣ ምን ያስጮኸዋል? የሚጮኽማ የሚፈራ ነው። ይሄን ሰውዬ ሕዝቡ ተጠግቶ ነው የሚሰማው።"

ተመልሼ ገባሁ። ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋሁ፣ ድምፄን አወረድኩ። "ጀልባው ያውላችሁ፣ ልጆቼ። ማን ያዛችሁ?" ስል፣ በመስታወቱ ማዶ የጋሽ ታደለ እጅ የመቅጃው ቁልፍ ላይ ቀጥ አለ።

"ይሄን ድምፅ ከየት አመጣሽው?"

"ከዚሁ ቤት ነው፣ ጋሽ ታደለ።"

እሌኒ ስልኳን መነካካት ጀመረች። እኔ ቦርሳዬን በዓይኔ ፈለግኩ።

ማዳመጫቸውን አስተካከሉ። "'ልጆቼ' ከማለቱ በፊት ትንፋሽ ይወስዳል። ድገሚው።"

ደገምኩት። እውነትም የተሻለ ሆነ። ሰውዬው ጆሮ አላቸው፤ ይሄን አልክድም።

የልብ ወለዱ መጨረሻ ላይ የደሴቱ ሰዎች የየቤታቸውን በር ነቅለው መቅዘፊያ ይጠርባሉ። እሱን አንብቤ ወረቀቶቹን ሰበሰብኩና "ቅዳሜ ኢምባካሲ እሄዳለሁ" አልኳቸው።

ትንፋሽ ወሰዱ። "በሩ ክፍት ነው፣ ልጄ።"

"እሺ፣ ሳዋ" ብዬ በአገሩ ቋንቋ ወጣሁ።

ለሚቀጥለው መጽሐፍ አልጠሩኝም። አሁን ቅዳሜ ኢምባካሲ አነባለሁ፤ በሌላው ቀን ካሳራኒ፣ ድምፅ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ የጎረቤቴ ሬዲዮ እስኪዘጋ እየጠበቅኩ፣ የመጣልኝን ሁሉ። ኪራዩ አንዳንድ ወር ያስጨንቀኛል።

ሥራውን ለምትጀምሩ፦ በልታችሁ ግቡ፣ ወረቀት አትጠርዙ። ገዥ ስታነቡ አትጩኹ። ጠጋ ብላችሁ፣ በቀስታ።