በጎረቤት ጀርባ

አክስቴ ቢቸና ውስጥ፣ ከጅረቱ ዳር ዝቅ ባለው ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም።

እኔ የምሠራው በወረዳው አደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ነው። ክረምቱ ሳይገባ የሰፈራቸውን ሰዎች በዕድሩ አዳራሽ ሰብስበን፣ «ጎርፍ ቢመጣ መሮጥ የማይችለው ማን ነው? ማንስ ያወጣዋል?» ብለን ጠየቅን። የሌሎቹ በቀላሉ አለቀ። አክስቴ ጋ ስንደርስ ግን ተቸገርን። ለእሳቸው ከሁሉ የሚቀርበው ጨው ነጋዴው ጎረቤታቸው ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ «የጣሪያህ አሸንዳ ውሃውን ግቢዬ ይደፋል» ብለው ከተኳረፉ ሰንብተዋል።

«እኔ አወጣቸዋለሁ» አለ ሰውየው፣ ከኋላ ተነሥቶ።

«በእሱ ጀርባ ከምታዘል ውሃው ይውሰደኝ!» አሉ አክስቴ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቄን እየዋጥኩ፣ «እትዬ፣ ለክፉ ቀን እኮ ነው» አልኳቸው።  ደግመው እምቢ ስላላሉ እንደ እሺታ ቆጠርነው።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከላይ ገጠሩ ላይ በጣለው ዝናብ ጅረቱ ሞልቶ ወጣ። የዕድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ከቢሮ እየሮጥኩ ወረድኩ። ስደርስ ውሃው የአክስቴን ደፍ አልፏል። ጎረቤታቸው ሱሪውን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆሟል። እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ምርኩዛቸውን ቀስረውበታል።

«አትንካኝ ብያለሁ!»

«እማማ፣ በኋላ እንደ ልብዎ ይሰድቡኛል። አሁን አንገቴን ይያዙ።»

ውሃው ፍራሹን ሲነካ ምርኩዙን ጣሉት። አዘላቸው፤ እኔም ከጎን ደግፌ ወጣን። መንገዱን ሙሉ፣ «ቀስ በል! ድንጋይ አለ! ኧረ ትጥለኛለህ!» ይሉታል። እሱም፣ «እሺ እማማ፣ እሺ» ይላል። እጃቸው ግን አንገቱን እንደ ልጅ አጥብቆ ይዞት ነበር።

ከሰፈሩ ሰው ማንም አልተጎዳም። የሰውየው የጨው ጆንያዎች ግን ከነመደብሩ ውሃ ገባባቸው።

አክስቴ ያንን የሰሙት በማግስቱ፣ ዳገቱ ላይ ባለው የሰውየው እህት ቤት አብረው አድረው፣ ቁርስ ቀርቦ ሳለ ነው።

«ጨውህን ትተህ ነው እኔ ጋ ቆመህ የተከራከርከው?»

«ጨው ይገዛል እማማ። እርስዎ ደህና ነዎት፤ አልሐምዱሊላህ።»

አክስቴ ከፊታቸው ካለው ዳቦ ትልቁን ቆርሰው ሰጡት፤ «ብላ፣ ትናንት ስታዝለኝ አጥንትህ ነው የቆረቆረኝ» አሉት።