ራሱን ያልጻፈው መዝጋቢ

ባሌን የሰፈሩ ሰው «ይመዝገብ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፣ ይህን ያመጣበት አመሉ ነው። ቀን ቀን መጋዘን በር ላይ ቆሞ የሚገባና የሚወጣ መኪና ይጽፋል፤ ቤት ሲመለስም እጁ አያርፍም። አምፖል የተቃጠለበት ቀን፣ ቧንቧ የተበላሸበት ሰዓት፣ እኔና ጎረቤቴ የተጣላንበት ምክንያት ሳይቀር ደብተሩ ላይ አለ። እኔ ታርቄ ከሴትዮዋ ጋር ስስቅ እሱ ዘንድ ጠቡ ገና አልተዘጋም። ይኼ ሰው ነው እንግዲህ «ማስረጃ የለህም» የተባለው።

ወጣት ሳለ ወታደር ነበር። ሌላውን ጠመንጃ ሲያስይዙት እሱን እስክሪብቶ አስያዙትና የሕክምና ድንኳን ውስጥ የቁስለኛ መዝጋቢ አደረጉት። ቃሬዛ በገባ ቁጥር ስም ይጽፋል፣ ማዕረግ ይጽፋል፣ የተመታበትን ቦታ፣ ከዚያ የቁስሉን ደረጃ፤ ቀላል፣ መካከለኛ ወይ ከባድ። አንድ ቀን ከድንኳኑ ደጃፍ የመድፍ ጥይት ወደቀና ፍንጣሪው የቀኝ ትከሻው ውስጥ ገባ። ያኔ ማውጣቱ ያሰጋል ተብሎ እዚያው ቀረ። ከተጋባን ሃያ ሰባት ዓመታችን ነው፤ ስንት ናችሁ ሲሉኝ ሦስት ነን እላለሁ፣ እኔ፣ እሱና ብረቱ።

ዘንድሮ ብረቱ ቦታ መቀየር አማረው። የባሌ ጣቶች ደነዘዙ፣ የያዘው ብርጭቆ ሳያውቀው ይወድቅበት ጀመር። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ አየና «ነርቩን እየተጫነው ነው። በስድስት ወር ውስጥ ካልወጣ ይህ እጅ አይሠራም» አለን። እንዲህ ያለውን ቀዶ ጥገና የሚሠራው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ብቻ ነው፤ እዚያ የሚያስገባው ደግሞ የጦር ጉዳተኛ መታወቂያ ነው። ባሌ «ከኔ የባሰ ስንት አለ» እያለ ዕድሜ ልኩን ሳይጠይቅ ኖሯል። ያን ቀን ግን በደህናው ክንዱ ጎትቼ ወሰድኩትና አመለከተ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። እንዲህ ይላል፦ «በቁስለኞች መዝገብ ላይ ስምዎ አልተገኘም። መዝገቡ አንድም ቁስለኛ ሳይዘል በጥንቃቄ የተያዘ መሆኑ በተደጋጋሚ ስለተረጋገጠ፣ በተባለው ቀን አልቆሰሉም። ቅሬታ ካለዎት በሠላሳ ቀን ውስጥ አዲስ ማስረጃ አያይዘው ይግባኝ ማለት ይችላሉ።»

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼኔ ነው። መዝገቡን የያዘው ራሱ ነዋ!

«ስምህን ለምን አልጻፍክም?» አልኩት።

«መዝጋቢ ራሱን አይመዘግብም። ደንብ ነው። እኔን መጻፍ የነበረበት ሐኪሙ ነው።»

«ሐኪሙስ ምን ነካው?»

«ሥራ በዝቶበት ነበር። በማግስቱ ደግሞ ወደ ሌላ ግንባር ተዛወረ።»

«አንተስ ምን አደረግክ?»

«ጠበቅኩት» አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው።

ሐኪሙ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። በዚያ መዝገብ ስንቱ መታወቂያውን አውጥቶ ታክሟል፤ የኔው ጉድ ግን እጁን ታቅፎ ቁጭ ብሏል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለሱ ነው።

እሱን ብጠብቅ ሠላሳው ቀን ማለቁ ነው። ስለዚህ ነገሩን እኔ ያዝኩት። ከቁም ሣጥኑ ሥር ከጦር ሜዳ የጻፈልኝን ደብዳቤዎች አወጣሁ። ያኔ ገና እጮኛው ነበርኩ። እስከዚያች ሳምንት ድረስ ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ፣ ዓይን የሚስብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉ ሁሉ ተንጋዶ አንዱ ባንዱ ላይ ይወድቃል። ያኔ እኔ ምን መሰለኝ? ሰልችቼው ለሌላ ሰው እየነገረ የሚያጽፍልኝ! ደሜ ፈልቶ ሁለት ወር ሙሉ መልስ ነፍጌዋለሁ። እሱም ቆስዬ ነው አላለ።

ደብዳቤዎቹን ይዤ ይግባኝ ወደሚቀበለው ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ነው፣ አንዱን ገልጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዜር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም የሚያመኝ ነገር የለም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እናቴ፣ ራሳቸው ምንም አላመመኝም ብለዋል እኮ። ቀንም ፊርማም አለው። ይኼ ከገባ የሚጎዳው እናንተኑ ነው።»

«ልጄ፣ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው። አንተ ለእናትህ ስትደውል ‹ሞቼልሻለሁ› ብለህ ነው ወሬ የምትጀምረው?»

«እኔ የማየው የተጻፈውን ነው» አለ።

ምን ይባላል? በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ እየሞተም ቢሆን ደህና ነኝ ይላል፤ ማስረጃ የሆነው የኔ ባል ብቻ ነው። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ቤት ገባሁ። ባሌ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ በግራ እጁ ደብተሩ ላይ ይሞነጫጭራል። የመጣሁበትን ሰዓት መሆን አለበት። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ዓይኔ ግን እጁ ላይ ቀረ።

«ስማ እስቲ። ከተመታህ በኋላ መዝገቡን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ።»

«በየትኛው እጅህ?»

«በግራ ነዋ፣ ቀኙማ በፋሻ ተጠፍሮ። ሌላ መዝጋቢ አልነበረም።»

በማግስቱ መዝገብ ቤት ነበርኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አቧራውን አራግፋ ገለጠችልኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀሚስ ተገልብጦ ሲሰጠኝ የቱ ጋ ሰፊው እንደተቀየረ አውቃለሁ። እዚህ ግን መርፌ ማወቅም አያስፈልግም። እስከ ቁጥር አርባ አንድ ጽሕፈቱ መስመሩን ጠብቆ ይሄዳል። ከአርባ ሁለት ጀምሮ ሰክሮ የሚሄድ ሰው ነው፣ ወረቀቱ ላይ የደረቀ ደም ሁሉ አለ። የደም ጠብታውን እያየሁ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው ተኝቼ ያን ቀን እንዴት እንደዋለ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩትም። በራሴ አፈርኩ።

ቅጂውን አስመትቼ፣ ማኅተም አስደርጌ፣ ከደብዳቤዎቹ ጋር በሃያ ስምንተኛው ቀን አስገባሁ። ወጣቱ ሠራተኛ አሁንም «ደህና ነኝ ይላል እኮ» አለኝ። «አንተ የተባለውን ተወውና እንዴት እንደተጻፈ እይልኝ» አልኩት። ተቀበለኝ።

ከቀናት በኋላ እኔና ባሌ ይግባኝ ሰሚው ኮሚቴ ፊት ቀረብን፤ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ደብዳቤውን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። ቀኑ ገጠመ፣ የተንጋደደውም ፊደል ገጠመ። ብዙ ሳይቆዩ «የተባለው ቀን ላይ ቆስለዋል። ይግባኙ ተቀባይነት አለው» አሉ። ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«አንድ ነገር ግን ይቀራል» አሉ ሰብሳቢው። «መታወቂያው ላይ የቁስሉ ደረጃ መጻፍ አለበት። የሆስፒታሉ ተራ በሱ ነው፤ መጀመሪያ ከባድ፣ ከዚያ መካከለኛ፣ ከዚያ ቀላል። ሐኪሙ በሕይወት ስለሌሉ የመዝጋቢውን ቃል እንቀበላለን። ያን ቀን ራስዎን ቢመዘግቡ ኖሮ ምን ብለው ይጽፉ ነበር?»

እንዲህ ያለ ደግ ጥያቄ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሰውዬው እስክሪብቶአቸውን «ከባድ» ከሚለው ሣጥን ላይ አሳርፈው ነው የሚጠብቁት። እኔ ደግሞ በጠረጴዛው ሥር የባሌን እግር ረገጥኩት።

እሱ አሰበ። ደብተር ሲሞላ እንደሚያስበው ነው ያሰበው። «አርባ አንደኛው ሁለት እግሩን አጥቶ ነው የገባው» አለ። «አርባ ሁለተኛው ልጅ ዓይኖቹን። እኔ ቆሜ እጽፍ ነበር።»

«ስለዚህ?»

«ቀላል።»

ሰብሳቢው እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት። «ያስቡበት፤ አሁን ያለበትን ሁኔታ—»

«የጠየቁኝ ያን ቀን የምጽፈውን ነው» አለ።

ጻፉት። ምን ያድርጉ? የዚህ ሰው መዝገብ አንድም ስሕተት እንደሌለበት የመሰከረው የራሳቸው መሥሪያ ቤት ነው።

ደጅ ወጥተን «አበድክ?» አልኩት። «እጅህ ነው እኮ! ሌላ ሰው እጁ ቢሆን ከባድ ነው ብለህ ትሟገትለት ነበር።»

«ያን ቀን የማልጽፈውን ዛሬ ከጻፍኩ መዝገቡ ውሸት አለበት ማለት ነው» አለ። «ነገ አንዱ መጥቶ ‹ሌላውስ ምን ያህሉ እውነት ነው?› ቢል፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ምን ይሆናሉ?»

እውነቱን ነው። እውነቱን ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው የምናደደው፤ እስከ ቤት ድረስ ቀድሜው ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መታወቂያውን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። የቀዶ ጥገናው ተራ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እኔ ከላይ ጀምሬ የሱን ስም ስፈልግ ቆየሁና መጨረሻው ላይ አገኘሁት። ከሱ በላይ ያሉት አብዛኞቹ በገዛ እጁ የጻፋቸው ናቸው፤ ከባድ ያላቸው ከላይ፣ መካከለኛ ያላቸው ከሥር፣ እሱ ከሁሉም በታች። ዞር ብዬ ሳየው ጣቱን ዝርዝሩ ላይ እያስኬደ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የራሱን ቦታ የሚፈልግ መስሎኝ «ታች ነህ» አልኩት።

«ሃምሳ ሦስተኛው የለም» አለ።

«ማነው ደግሞ እሱ?»

«ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ጋጋሪ። ጉልበቱን ነው፣ መካከለኛ። ከኛ በፊት አመልክቷል፣ ራሱ ነግሮኛል። ሲገለብጡት ዘለውታል።»

ይህን ብሎኝ ወደ መስኮቱ ሄደ። እጁን ልይዘው እችል ነበር። አልያዝኩትም። ተናድጄበታለሁ፣ ኮርቼበታለሁም፣ ሁለቱንም አልደብቅም፤ እንባዬን እየጠረግኩ ከኋላው ሄጄ ቆምኩ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒዩተሯን አየችና «እውነትም ተዘለዋል» አለች። «ግን አባባ፣ እሳቸው ከገቡ እርስዎ አንድ ወደ ኋላ ይሄዳሉ።»

«አውቃለሁ» አለ።

አስገባችው። ሐኪሙ ከሰጠን ጊዜ የቀረው አራት ወር ነው። ተራችን ሲለጠፍ የሚደርሰን ከሰባት ወር በኋላ ነበር፤ አሁን ሰባት ወር ከሳምንት ሆነ።