ሳልጠራ የጣልኳት ካርታ

እልኸኛ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ የማወራው ነገር በልጅነት የተሠራ ስሕተት እንዳይመስል ነው። ያኔ ሠላሳን አልፌያለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ፤ አግብቼ፣ ወልጄ፣ በየግምገማው የሰው ስሕተት ለማውጣት ከሁሉ ቀድሜ እጄን የማነሳ ሰው ነበርኩ።

ከሥራ ስንወጣ የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ እንሰበሰባለን። ባጃጅ ገና ከተማችን አልገባም፤ ቴሌቪዥኑም አንድ ነው፤ እሱንም ኳስ ወዳዶች ይዘውታል። ለእኛ የተረፈችን ሦስት ጠረጴዛ የምትይዝ ክፍልና ጠርዛቸው የተላጠ ካርታዎች ነበሩ። የምንጫወተው ኮንከር ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ሁለት ሙሉ ካርታ ተቀላቅሎ ይታደልና እጅህ ላይ ያለውን በአንድ ቁጥር፣ ወይም ልብን ከልብ ዳይመንድን ከዳይመንድ እያደረግህ በተከታታይ አሰባስበህ ቀድመህ ትዘጋለህ። ተራህ ሲደርስ ወይ ከክምሩ ትስባለህ፣ ወይ ባላጋራህ የጣለውን ታነሳለህ፤ ከዚያ አንድ ትጥላለህ። ሲያዩት ዕድል ይመስላል። ዋናው ነገር ግን የወጣውን ሁሉ በጭንቅላት መያዝ ነው። ሰውየው ምን አነሳ፣ ምን ጣለ፣ ምን እየጠበቀ ነው? የሚጠብቃትን ካወቅህ ቢያንቅህም አትጥላትም።

ይህን ሁሉ ያስተማሩን ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ነበሩ። ጋሼ እንላቸው ነበር። ግማሾቻችን ትምህርት ቤት እያለን በአለንጋ አሳድደውናል፤ ካርታ ላይም ቢሆን ያው ነበሩ። ካርታ ዘመም ብሎ ሲጣል ከእጃቸው ቀና ብለው ያዩናል፣ እኛም እናስተካክላለን። እኔን በተለይ «የአንተን እጅ ለማወቅ ምን ያደክመኛል፤ ፊትህ ላይ ተጽፎ የለም ወይ?» ይሉኝ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ያቺ ሳቅ ታቃጥለኛለች። በየዓመቱ ከቡሬ ክበብ ጋር ውድድር አለን፣ ከተማችንን ወክለው የሚሄዱትም ሁልጊዜ እርሳቸው ናቸው። ቡሬዎች በምንም አይፈሩንም፤ እርሳቸውን ግን ይፈሩ ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ ዘጋሁ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከልቦቹ መሐል ከጠረጴዛ ያነሷት አንዲት ዳይመንድ ተቀላቅላለች። ሁላችንም አየን። ሁላችንም ዝም አልን። አጠገባቸው የነበረው ሰው እየቀላቀለ «ጋሼ ዛሬ አልተቻሉም» አለና ካርታውን ሰበሰበው። ለካ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ እጃቸው ላይ ያለውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያነባሉ፣ ጠረጴዛው ላይ የተጣለውን ግን ቁጥሩንና ቀለሙን እንጂ ልብ ይሁን ዳይመንድ፣ አበባ ይሁን ጦር አይለዩትም።

በማግስቱ ውጤት የምትይዝልን የጽሕፈት ቤታችን ጸሐፊ ካርታ ስትጥል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ስድስት አበባ» አለች። ቀጣዩም «አራት ዳይመንድ» ብሎ ጣለ። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርታ ሳይጠራ የሚጥል ጠፋ፤ እርሳቸው በሌሉበት ጠረጴዛ ሳይቀር። አዲስ ተመድቦ የሚመጣ ሠራተኛ የቤቱ ደንብ መስሎት ይጠራል። የቡሬ ሰዎች መጥተው ሲያዩን «ጨረታ ነው እንዴ የምታካሂዱት?» ብለው አሾፉብን። ደንባችን ነው አልናቸው። ጋሼም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካርታቸውን እያስተካከሉ፣ «ካርታ ሲጠራ ደስ ይላል» ብለዋል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ ሌላ ከአፋቸው ቃል አልወጣም።

በዚያ ዓመት ለቡሬው ውድድር ሰው ለመምረጥ እርስ በርስ ተጋጠምን፤ ለመጨረሻው እኔና ጋሼ ደረስን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ክፍሏ ጢም ብላለች፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ ነበር። ከአምስት ዙር ሁለት ሁለት ሆንን። አምስተኛው ላይ እጄ አማረልኝ፤ ለመዝጋት አንድ ካርታ ብቻ ቀረኝ። ችግሩ የምትጣለዋ ካርታ ነበረች። ዘጠኝ ልብ ነበረች፤ እርሳቸው ደግሞ ስምንት ልብና አስር ልብ ከእኔ ላይ አንስተዋል። አንደኛዋ ዘጠኝ ልብ ገና በመጀመሪያ ወጥታ ተቀብራለች፤ ሁለተኛዋ እጄ ላይ ናት። ብጥላት ይዘጋሉ። ብይዛት ያማረውን እጄን ማፍረሴ ነው።

እኛ ዘንድ የተጣለ ካርታ የነካ አነሳ ይባላል፤ ያነሳትን መልሶ መጣል አይችልም፤ የማትሆነውን ያነሳ እጁ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ጋሼ አንስተው አስጠግተው ሊያዩዋት አይችሉም። ምን ጣልክ ብለው መጠየቅ ይችላሉ፤ ግን ያ መቶ ሰው ፊት አላይም ማለት ነው። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። እጄን አዳልጦኝ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አላዳለጠኝም። ካርታዋን ሳልጠራ፣ ቀስ አድርጌ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት።

ጋሼ ጠበቁ። የምጠራላቸው መስሏቸው ነበር። ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ሰው እንዳያያቸው ይመስል ቶሎ ቀና አሉ። ጸሐፊዋን ቀና ብዬ ባያት እርሳሷን ይዛ ታፈጥብኛለች። እሷም ልትጠራት አትችልም፤ ብትጠራት የሸፋፈንነው ሁሉ ሊገለጥ ነው። ጋሼ እጃቸውን ወደ ክምሩ ሰደዱና ሳቡ። ያልረባቸውን ጣሉ፤ ስሙን ጠርተው ነው የጣሉት። ቀጥዬ ሳብኩ፣ መጣችልኝ፣ ዘጋሁ። ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበና ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው።

ቡሬ ሄጄ በመጀመሪያው ቀን ተሸነፍኩ። ያ አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ «ሽማግሌው የት ቀሩ?» ሲሉኝ «ያው ዕድሜ ነው፣ ደክመዋል» ማለቴ ነው። ስመለስ ጋሼ ከክበቡ ቀርተዋል። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ አንድ በአንድ ሰዉ ካርታ መጥራት ተወ። ክፍሏ ውስጥ የወረቀት ኮሽታ ብቻ ቀረ። ማንም አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እኔ ጋር ለመቀመጥ ግን ማንም አይቸኩልም ነበር። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እያቀበለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ፣ «ቤታቸው ሂድ» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በድምፄ ለዩኝና ብድግ አሉ፤ ተቀመጡ ብል አሻፈረኝ አሉ። ባለቤታቸው ምሳ አቀረቡ፣ እንደ እንግዳ አጎረሱኝ። ባለቤታቸው «ይኸን ሰውዬ ምን አድርጋችሁት ነው ከቤት የዋለ?» ሲሉ እርሳቸው ቀደም ብለው «ምን ያደርጉኛል፤ ይኸ ልጅ ካርታ መጣለትና አሸነፈኝ። ካርታ የመጣለትን ማን ይችለዋል?» አሉ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ከቤቴ ጀምሬ ስለማመዳት ነበር የመጣሁት። ከጉርሻው ጋር ዋጥኳት።

ልሸኝህ ብለው እስከ በሩ አብረውኝ ወጡ። እዚያ ሲደርሱ ክንዴን ያዙኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ» አሉ። «ያቺ በመጨረሻ የጣልካት ልብ ነበረች?»

እጄን ወደ በሩ መቀርቀሪያ ሰደድኩ፤ እርሳቸው ግን ቀጠሉ።

«ዓይኔማ ከከዳኝ ከረመ፤ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም ማወቃችሁን አውቃለሁ። እግዜር ይስጣችሁ። እኔ የያዝኩት ቆጠራዬን ነው። አንዷ ዘጠኝ ልብ ቀድማ ወጥታለች። ሁለተኛዋ አንተ እጅ ላይ ናት ብዬ ቆጥሬ ነበር። ስትጥላት ናት አልኩ በልቤ፤ ግን ፈራሁ፣ ሳልነካት ቀረሁ። ልብ ከነበረች ጭንቅላቴ ደኅና ነው ማለት ነው፤ መጥቼ እጫወታለሁ፤ ባትጠሩልኝም ግድ የለኝም፣ እጠይቃለሁ። ካልነበረች ግን ልወቀው።»

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ነበረች ብል ግን ለምን አልጠራሃትም የሚል ጥያቄ ይከተላል ብዬ ፈራሁ። እርሳቸው ያንን እንደማይጠይቁኝ አሁን አውቃለሁ፤ ቢፈልጉ ኖሮ በረንዳው ላይ፣ ባለቤታቸው ፊት፣ ይጠይቁኝ ነበር።

«ዳይመንድ ነበረች፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ክንዴን ለቀቁኝ። በጣታቸው አንድ ሁለት እያሉ እንደገና ቆጠሩ፤ የሳቱት የት ላይ እንደሆነ ሲፈልጉ ነው። አላገኙትም።

«እንዲያ ከሆነ በቃኝ» አሉ። «እግዜር ይስጥህ፣ አልደበቅኸኝም።»

ክበቡ ዳግመኛ አልመጡም። ካርታ መጫወቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ስግደት ታዝዤ ሰግጃለሁ፤ ይችን ግን አልተናገርኩም። በግምገማም ስንት ግለ ሂስ አድርጌያለሁ። ጋሼ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር የልጅ ልጃቸውን ስም ሲስቱ ወይም ቀኑ ሲምታታባቸው ወደ እኔ ዞር ብለው «ያው እንደምታውቀው ነው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም «አይዞዎት» እላቸው ነበር።