አምስተኛው ፎቅ

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ስንኖር፣ የሰፈሩ ልጆች ምሽት ላይ እራት እስኪደርስ የምንሰበሰበው ጎረቤታችን አባባ ታደሰ ቤት ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ኩራዝ ይለኩሱልናል፤ እኛም የባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው ፍሙን ከበን ተረት እንጠብቃለን። የእርሳቸው ተረት ግን ስለ ጅብና ስለ ጦጣ አልነበረም፤ ፒያሳ ስላለው ወልደየስ ሕንፃ ነበር።

ወልደየስ የሳሙና ፋብሪካ የነበራቸው የናጠጡ ሀብታም ነበሩ፤ ሕንፃውን አሠርተው በስማቸው ጠሩት። አባባ ታደሰ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሊፍቱ ነጂ ነበሩ። እዚያ ቢሮ ስለነበራቸው ጠበቆችም፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙም ያወሩናል። እኛን የሚያስጎመጀን ግን የባለሀብቱ ቢሮ የነበረበት አምስተኛው ፎቅ ነው። ምንጣፉ እግር ይውጣል፣ ግድግዳው ላይ የወርቅ ሰዓት አለ፣ በቀቀኑ በሦስት ቋንቋ ሰላምታ ይሰጣል።

እኔ በጥያቄ አላስቀምጥ አልኳቸው። በቀቀኑ አሁንም አለ ወይ? ምንጣፉ ምን ዓይነት ነው? በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴን አስፈቅደው ፒያሳ ይዘውኝ ወረዱ።

ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር እያረፍን በደረጃ ወጣን። አምስተኛው ፎቅ ስንደርስ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። እኔ አንኳኳሁ። አንዲት ጸሐፊ ከፈተችልን።

«ድሮ እዚህ እሠራ ነበር፤ ልጅቷ እንድታየው ብዬ ነው» አሏት።

«ይግቡ አባቴ፣ ምን ችግር አለው!»

ውስጡ የብረት ቁም ሣጥንና የፋይል ክምር ብቻ ነበር።

«ሰዓቱስ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ገብቼበት አላውቅም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ወሬ?»

«በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ በጨረፍታ ያየሁትን ነው። ስትጠይቁኝ ጊዜ የጎደለውን ሞላሁት።» ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዱ። እንጦጦ ፊት ለፊት ተዘርግቷል። «ያውና ሰፈራችን» አሉ ቀስ ብለው። «አቶ ወልደየስ ከዚህ ሆነው በየቀኑ ያዩን ነበር ማለት ነው።»

በዚያው ምሽት ልጆቹ ከበው ወጠሩኝ፤ «በቀቀኑ ተናገረ?» አሉኝ። አባባ ታደሰ ፍሙን ይቆሰቁሳሉ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። መዋሸት አልፈለግሁም፤ እርሳቸውንም ማዋረድ አልሆነልኝም። ስለዚህ ስለ መስኮቱ ጀመርኩ፤ የሰፈሩ ቆርቆሮ ጣሪያዎች እንዴት በፀሐይ እንደሚያብለጨልጩ፣ ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚያንስ ነገርኳቸው። ትንሽ ቆይተው አባባ ታደሰ መቆስቆሻውን አስቀምጠው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢሮ ገብቻለሁ፣ ብዙ ታሪክም አውርቻለሁ። አብሬያቸው ከመስኮቱ ያየሁትን እንደ አዲስ ሊሰሙ ዓይናቸውን አፍጥጠው የጠበቁኝ ግን አባባ ታደሰ ብቻ ናቸው።